ቅርፊት

እንየው ጌም ቤቱን ዘግቶ ዕቃ ሲሸጥ፣
ወንበሩ ለምግብ ቤት፣ ቲቪው ለሚመርጥ፣
አንዱን ግን ማን ይውሰድ? ከበሩ ሥር ቀረ፣
ሌንሱ የታወረ፣ ገመዱ ያጠረ።
«ለልጅህ መጫወቻ» አለኝ። ልጅ የለኝም።
በሃምሳ ብር ወሰድሁት፤ አልተከራከርንም።

ጉልበቴ ላይ አድርጌ በባጃጅ ስመለስ
ክዳኑ ይንኳኳል ጎማው ጉድጓድ ሲደርስ።
ዘንባባው ተሰልፎ፣ ሐይቁ በስተቀኝ፣
ሾፌሩ በመስታወት አየት እያረገኝ፦
«ይሠራል?»
«አይሠራም።»
«ታዲያስ?»
ዝም አልሁኝ።

ማታ ብሎኑን ፈታሁ። አራቱ ወጡልኝ፤
አምስተኛው ዝጎ እስከ አራት ሰዓት አለፋኝ።
ከፈትሁት።
አቧራው እንደ ባዘቶ ተነጥፎ ተኝቷል፣
አንድ በረሮ ደርቆ እግሩን ወደ ላይ ሰቅሏል፣
አሥር ሳንቲም አለች፤ ማን እንደ ከተታት፣
እና አንዲት ቅርፊት፣ የቀረሶ፣ ስስ ናት።
በአምፖሉ ሳያት ጥፍር ትመስላለች፣
የሕፃን፤
ከየትኛው ጣት ላይ ተላጣ የገባች?

እኛ ነን። ከሐይቁ ዳር ዓሣ ስንፍቅ ውለን፣
እጃችንን በሱሪ ጠረግ ጠረግ አርገን፣
ለአንዲት ጨዋታ ሁለት ብር የከፈልን።
ያኔ ሙሉሰው ነበር ማንም የማይረታው፣
በአውራ ጣቱ ብቻ ሰፈር የሚገዛው፤
ዛሬ ዘጌ ድረስ ጀልባ ነው የሚነዳው።

የድሮውን አንጀት በፌስታል ቋጠርሁት።
መዳፍ የምታህል ቦርድ፣ በዱቤ ያመጣሁት
ከፖሊ ተማሪ፤ ግማሹን ገና አልከፈልሁት።
ሜሞሪው ከወደቀ ላፕቶፕ የተነቀለ፣
ዲስኩ እንደ ማስቲካ ስስ፣ በአንድ ብሎን የዋለ።
ለካ ትንሽ ቦታ ትልቅ ሒሳብ ይሻል፤
ግማሽ ጣት የሚያህል ሌሊቱን ያነጋል።

ቢላዋ በእሳት አግዬ ፕላስቲኩን ስሸነሽን
እህቴ ትርንጎ በሽታው ነቅታ፦ «ልትፈጀን?
መዝገብ ነው ያልሁህ፣ የዓሣ ማኅበሩን፣
ማን ስንት ኪሎ እንዳስገባ ዝርዝሩን።
አዲስ መግዛት ሲቻል…»
«በምን?» አልኋት። ተወችው።
ትራሷን ገልብጣ ፊቷን አዞረችው።

አጎቴ አዝመራው ታንኳ ነው የሚሠራ።
በማግሥቱ መጥቶ፣ የደንገል ገለባ ካናቱ ሳያራግፍ፣ ቆመ ከእኔ ጋራ።
አየና፣ አየና፦ «ይህስ ምን ይጠላል?»
«ሙቀት።»
ሣቀ፦ «የእህቴ ልጅ፣ ነገሩ ይገርማል።
የእኔይቱ ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች፣
ፀሐይ ላይ ካልቆመች ትበሰብሳለች፤
ያንተው ፀሐይ ካየ ሊሞት ነው? በል እንግዲህ
ነፋስ ስጠው።»
«ሰጥቼው የለም እንዴ፣ ይኸው እዚህ!»
በምራቁ ጣቱን አርሶ ጎኑ ላይ አሳየኝ፣
የድሮዎቹን ሽንቁሮች፦ «በዚህ ይግባ» አለኝ፣
«በዚያኛው ይውጣ።»
ማራገቢያው ለካ ፊቱ ተገልብጦ ነው።
ሦስት ሌሊት ስለፋ አንዴም አላየሁት።

ክዳኑ ግን እምቢ አለ፤ አንድ የስንዴ ፍሬ ያህል
ከፍ ብሎ ቀረ፤ ብጫነው ይሰነጠቃል።
ተውሁት እንዲያው።
ሳንቲሟን ለአጎቴ ሰጠሁት፣ «ዋጋህ» ብዬ።
ቅርፊቷን ግን መለስኋት፣ ከጥጉ ሸጉጬ፣
ከነፋሱ ከልዬ።

የድሮውን ክብ ቁልፍ፣ የእንየውን፣ ተጫንሁት፤
ማራገቢያው ሲተነፍስ ጆሮ ሰጥቼ ሰማሁት፣
ጉማሬ በጨለማ ከዓባይ አፍ ብቅ ሲል
እንዲያ ነው፣ ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያ ዝም ይላል።
አረንጓዴ በራ። ነጭ ፊደል፣ መስመር በመስመር፣
መውረድ እንደ ጀመረ
መብራት ጠፋ።
ሰፈሩ ባንድ ድምፅ «ኧረ!»

ጥቂት ቆይቶ ከመስኮቱ ሥር፣ የጎረቤት ልጅ፦
«ጋሼ፣ ጌም አለው?»
«የለውም፤ የዓሣ መዝገብ ነው።»
አልሄደም።
እኔም ተቀምጬ መብራት ስጠባበቅ
አውራ ጣቴ ብቻዋን፣ ሳላዛት፣
ክዳኑን ትደልቅ፣ ትደልቅ።