ጳር

ሶሎላኪ ሰፈር፣ ዳገቱ ሲጋመስ፣
ሰገነቱ ያዘመመ፣ ደረጃው ሲረግጡት የሚያለቅስ፣
ትብሊሲን ቁልቁል የሚያይ አሮጌ ቤት ውስጥ
ሦስት ዓመት እርሳስ ስቀርጽ፣ ወረቀት ስቆርጥ
ኖሬአለሁ፤
ከኤተሪ ጋር፣ ከፊደል ነዳፊዋ።

ባድሪ አታሚው ከፍሏት፣ ለአንደኛ ክፍል መጽሐፍ
ሠላሳ ሦስቱን ፊደል እንደ አዲስ ልትጽፍ
ተስማማች። ቀጠሮው አንድ ክረምት ነበር።
በአራተኛው ክረምት፣ መስኮቱ ላይ በረዶ ሲጋገር
ሠላሳ ሁለቱ አልቀው ቀረች አንዷ፣ ጳር።

ጳር፦ ከንፈር ገጥማ፣ ትንፋሽ አምቃ አምቃ፣
እንደ ጠርሙስ ቡሽ ጰ! ብላ የምትነቃ፣
የ«ጱሪ» መነሻ። ጱሪ ማለት ዳቦ ነው፤
ልጅ ማንበብ ሲጀምር መጀመሪያ የሚርበው።

ሰኞ አንገቷን ሳበቻት። ማክሰኞ «ቀበጠች» አለች፣
ቀነሰች። ሆዷን ሞላች፤ «ይቺማ አረገዘች»፣
ደግሞ ላጠች። ዓርብ ዕለት በፀጉር ስፋት አቅጥና
የሰኞዋን ጳር ከቅርጫት አወጣችና
«ይቺው ነበረች እኮ!» ብላ ሳቀች፣
ሳቋ ሳያልቅ እሷንም ደለዘች።

ባድሪ ይደውላል፦ «ሥራው ሲጀመር
ልጄ ፊደል ይቆጥር ነበር፤
አሁን ክፍልፋይ ይደምራል፣ ኧረ በፈጣሪ!»
«አልቋል እኮ ባድሪ፣
ትንሽ ነው የቀረው።»

አልቋል፣ ትንሽ ነው የቀረው!
ይህን ቃል ማን ፈጠረው?
ግንበኛ ይለዋል፣ ሰማይ በጣሪያው እየታየ፤
ልብስ ሰፊ ይለዋል፣ ሙሽራው በር ላይ እየቆየ፤
እኔም ብዬው አውቃለሁ፣ ለማን እንደሆነ አልናገርም።

አንድ ማታ ጠየቅኳት፣ ማለቁ በምን ይታወቃል?
መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች።
«አባቴ ሰዓት ጠጋኝ ነበር» አለች።
«ሰዓት ምን አለበት፣ ይሄዳል ወይ አይሄድም።
ፊደል ግን ተበላሽቶም ይነበባል።
የኔ መከራ ይሄ ነው።»

አሁን ልናዘዝ።
ቅርጫቱ ሲሞላ ወረቀቱን ሰብስቤ
ለኦታር እሰጥ ነበር፣ ታች ላለው ጋጋሪ፣
እሳት እንዲያያይዝበት። (ምላሹ አንድ ጱሪ።)
የካቲት ላይ ኦታር ምድጃውን አፍርሶ
ማዶ ካለው መንገድ ገባ፣ ሌላ ቤት ቀልሶ።
ምልክት የለው፣ ገንዘብ የለው። ከሚቃጠለው ክምር
«ጱሪ» ያለበትን አንዱን ወረቀት መዘዘና
በቀይ ቀለም ቆርቆሮ ላይ ገለበጠው፣
ብሩሹ ወፍራም፣ እጁ ሊጥ እንደነካው።

በማግስቱ ጠዋት ኤተሪ ርቧት ወጣች፤ ተከተልኳት።
መንገዱን ተሻገረች፣ ገባች፣ ገዛች፣
ጀልባ የመሰለ ሁለት ትኩስ ዳቦ።
እየገመጥን ዳገቱን ስንወጣ
ማኘኳን ድንገት ተወች።
«ኦታር እኮ ከዚያ ሄዷል።
እዚህ መሆኑን ማን ነገረኝ?»

ተመልሳ ወረደች። ቆርቆሮው ሥር ቆመች።
ጳሯ ናት።
አንገቷ ተንጋዷል፣ ሆዷ ላይ ቀለም ፈሷል፤
የሰኞዋ ትሁን የዓርቧ፣ እሷም እኔም አናውቅም።
«አነበብኳት» አለች፣ እንደ ሌባ ቀስ ብላ፣
«አነበብኳት፤ አላየኋትም።»

ያን ማታ ለባድሪ ደወለች። «አልቋል።»
የቃሉን ሁለተኛ ግማሽ ጠበቅሁ፣
ያቺን «ትንሽ»።
አልመጣችም። ኤተሪ ዳቦ ታኝካለች።

መጽሐፉ መስከረም ላይ ታትሞ መጣ።
ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ፣ ማንም አያየኝም ብላ፣
ከጳር አንገት አጠገብ
በእርሳስ አንዲት ነጥብ
አሳረፈች፣ ዓይን የማትሞላ።
አይቼ ዝም አልኩ።
እርሳሱን የቀረጽኩት እኔ ነኝ።