ተሳታፊ ዐሥራ ሰባት

ከሕርማታ ገበያ ጀርባ፣ ብናኝ በለበሰ ደጃፍ፣
«አይስጉ» አልሁት ቅጼን ገልጬ፣ «ስም የለም እዚህ የሚጻፍ፤
ቁጥር ነው የምሰጥዎ፤ ዐሥራ ሰባት ነዎት።»
«አይጻፍም?» አለ። ደገመው። በሦስተኛው አመነ ምናልባት።

«ፋዲል ነኝ» ብሎ ነበር ሰውየው፣ «ዱባይ ሆቴል አለኝ፣
አርባ በርጩማ፣ የዋንዛ፣ የጅማ ሥራ ላክልኝ።»
ሰላምታው አይጓደል፣ የጁምዓ ዱዓው አይቀር፣
ለልጁ ጉንፋን እንኳ «አላህ ያሽረው» ይል ነበር።
መጀመሪያ የጉምሩክ፣ ቀጥሎ የመርከብ፣
ሦስተኛውን የከፈለው በደረሰው ዕቁብ።
ከዚያ ስልኩ ዝም አለ።
ፎቶው በነበረበት ባዶ ክብ ተንጠለጠለ።

ጥያቄ ዐሥራ አራት፦ «የደረሰብዎትን ጉዳት ይለኩ፣
ከአንድ እስከ አምስት።» ሊመልስ ሲል ጠራ ስልኩ፤
እንደ ፍም ጣለው መላጊያው ላይ። የማያውቀው ቁጥር ነው።
ጠርቶ ጠርቶ እስኪያበቃ ሁለታችንም አየነው።

«ለሚስቴ» አለኝ፣ «መርከቡ ዘገየ ነው ያልኋት እስከዛሬ ድረስ፤
ማታ የልጃችንን ካርታ ዘርግታ ትለካለች፣ ጅቡቲ መቼ እንደሚደርስ።»

«ሁለት በል» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሰው ስንት የባሰ ያያል።»
ሁለትን አከበብሁ፤ መመሪያው «እንዳለ መዝግብ» ይላል።

ልነሳ ስል ተገለበጠ የተቀመጥሁበት ዱካ፣
ከአርባው አንዱ ነው ለካ።
ሥራውን በስሙ ያትም ነበር፣ በመሮ፣ ከሥሩ፤
ተሞርዷል። ነጭ እንጨት ብቻ፤ አንድ ፊደል ቀርቷል ከዳሩ።
ወደ ግድግዳው ዞርሁ፣ ወደ ተደረደሩት፤
እጄን ያዘኝ።
«ይሄን እንኳ» አለኝ፣ «አትጻፍ።»