የነሐሴ ዝላይ

ሳልሚያ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የነሐሴ ቅዳሜ፤
የቀዝቃዛውን ቧንቧ ባዞረው ደጋግሜ
የሚወርደው ፍል ነው።
መስኮቱን ጦዝ ጋርዶት ባሕሩም የለ፣ ሰማዩም የለ፤
ኤሲው ባልዲዬ ውስጥ ጠብ… ጠብ… እያለ
ሰዓት ይቆጥርልናል፣ ለእኔና ለባባ።
(የሺመቤት ነኝ። እዚህ ቤት ሺማ ነኝ።)

ባባ በግራ ጎኑ ሰው ነው፤ ቀኙ ከተኛ ሁለት ዓመቱ።
ከቃል የተረፉት ሦስት ናቸው፦ "ውኃ"፣ "በቃ"፣ እና የሟች ሚስቱ
ስም።
ልጆቹ ኳስ ከፍተውለት ይወጣሉ፤ እሱ በዓይኑ ይይዘኛል፣
"ቀይሪ" ማለቱ ነው፤ ከቻናል ቻናል ያዞረኛል፣
እዚያ እስክንደርስ፦

ጥድ። ጭጋግ። አረንጓዴ ቁልቁለት።
ሰዎች፣ አንዲት ፍሬ በረዶ በሌለበት፣
እግራቸው ላይ ስኪ አስረው፣ ረጅም፣ እንደ ጀልባ ሳንቃ፣
ከማማ ጫፍ ሲወነጨፉ፣ ባባ ነቃ።

ይህ ወር እኛ አገር ክረምት ነው፣ እነሱ ዘንድ በጋ፤
እዚህ ስም የለውም፤ አይመሽ፣ አይነጋ።

ቁልቁለቱ ሣር መስሎኝ ነበር። ፕላስቲክ ነው፣ ቃጫ፣
እንደ መጥረጊያ ጭራ የተደራረበ፤ ውኃ ይረጩታል በመርጫ
እንዲያንሸራትት። እኔም ጠዋት ጠዋት በረንዳውን እረጫለሁ፤
አቧራው እንዲተኛ። ይህን ስቄ ለባባ እነግረዋለሁ፣
በአማርኛ።

ማማው አናት ላይ አንድ አግዳሚ እንጨት አለ።
ባለ ተራ እሱ ላይ ይቀመጣል፣ ስኪውን እያንጠለጠለ።
ቀይ መብራት፦ ቆይ።
አረንጓዴ በርቶ አሠልጣኙ ባንዲራውን ሲያወርድ
ወዲያ የለ፣ ወዲህ የለ፤ ያለው ቁልቁል መንጎድ።

ከሁሉም አንዷን መረጥን፣ የፖላንድ ልጅ፣ መነጽር ያደረገች፤
ስሟ ያጎዳ ነው፤ ለእኔ ጆሮ አንዳች ነገር ያጎደለች
ትመስላለች። አየር ላይ ግን ምንም አይጎድላት፤
ነፋሱ ላይ ጋደም ትላለች፣ አልጋ እንደተነጠፈላት።

ዳኞቹ አምስት ናቸው። ባባ ስድስተኛ፣ እኔ ሰባተኛ።
አምስቱንም የግራ ጣቱን የዘረጋ ለት፣ ያለ ክኒን ተኛ።

አባቱ ዕንቁ ጠላቂ ነበር። ግድግዳው ላይ ከፎቶው ሥር
የአፍንጫ መቆንጠጫው አለ፣ ከቀንድ የተሠራ።
እግሩ ላይ ድንጋይ አስሮ ይወርዳል፤ ጀልባው ላይ ሌላ ሰው
ገመዱን ይዞ ይጠብቃል፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ነቅነቅ ያደርጋል፤
ያኛው ይስባል። ሉልዋ ናት የነገረችኝ፣ ትልቋ ልጁ።
ያጎዳ አየር ላይ ሳለች ባባ ትንፋሹን እንደሚይዝ
ያወቅሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው።
ስታርፍ ይተነፍሳል።
ከዚያ ወዲህ እኔም እይዛለሁ።

መስከረም ጠባ። በየቅዳሜው ሌላ ከተማ፣ ሌላ ጥድ፤
ያጎዳ የመሪዋን ቢጫ ለበሰች። እኔም ለመንገድ
ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎተትኩ፦ ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ ሽቶ።
"ጥቅምት፣ ኢንሻአላህ" ብሎኛል ሚሻሪ፣ የኢጃዛዬን ቀን ቆርጦ።

የመጨረሻው ቀን፣ እዚያ ነፋስ።
ተቀመጠች፤ ቀይ። ተነሣች።
ተቀመጠች፤ ቀይ።
ሦስተኛ ጊዜ አሠልጣኙ ራሱን ነቀነቀ።
በእንጨቱ ላይ በጎኗ ተንሸራትታ፣ ስኪውን ተሸክማ፣
የወጣችበትን ደረጃ አንድ በአንድ ወረደች።
ካሜራው ትንሽ ተከተላት፣ ከዚያ ተዋት።

ሚሻሪ ጫማውን ሳያወልቅ በር ላይ ቆሞ፣
"ሺማ፣ አባቴ ከሌላ ሰው እጅ አይበላም፤
እስከ ረመዳን ታገሺን።"
"ታይብ" አልኩ።
ሌላም ቃል ነበረኝ። አረብኛዬ አልበቃም አላልኩም፤ በቅቶ ነበር።

ዞር ስል ባባ ግራ እጁን አንሥቷል።
ማንም አልዘለለ፤ እሱ ግን ይቆጥራል፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ እዚያ ቆመ።
አውራ ጣቱን ዘርግቼ አምስት ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ባልዲው ሞልቶ ፈስሷል። ልደፋው ሄድኩ።