የእሳት እራት

ኦንታሪዮ፣ ሐምሌ፣ ከቦዝዌል መንደር ማዶ፣
ሌንደርት ማሳው ገባ፣ ጤዛ ሳይረግፍ ማልዶ።
ቅጠል ወደ ፀሐይ ገልበጥ እያደረገ
የእንቁላል ጥላ በጣቱ ፈለገ።
«ነጩ ገና ነው» አለ፤ «ሐምራዊው ግን ነገ
ተፈልፍሎ ይዘልቃል እሸቱ ጺም ሥር፤
ከዚያ ወዲያ መርጨት ለቅጠል ነው ምክር።»

መቶ አገዳ ቆጠርን፤ ሦስቱ ላይ አገኘን።
አምስት ሳይሞላ አይረጭም፣ እጃችንን እየበላን።

የወጥመዱን ባልዲ ክንፍ ሞልቶት ሳየው ጠዋት፣
«በእኛ አፍ ይህ» አልኩት፣ «የእሳት እራት።»
ሳቀ።
«እሳቱ ምን ነካው? ጦሙን ለምን አደረ?
እራት የተባለው እራቴን ጀመረ!»

ከሦስቱ ባንዲቱ ቀይ ክር አሰርኩባት፤
ነገ ስመለስ
ቀለሟን ልያት።