ሃያ ሦስት ወንበር

ዝናቡ ነው እንጂ፣ እኔስ አልገባም ነበር።
ጌንት፣ ከቦዩ ዳር፣ ከድሮ ልብስ ማጠቢያ ቤት በር፣
በጠመኔ የተጻፈ፦ «ዛሬ ማታ ቴአትር፤
መግቢያ አምስት ዩሮ።» ቆጠርኩት፤ ሃያ ሦስት ወንበር።

ከጎኔ ያለችው ሴት፣ ኮቷ ውሃ ያንጠባጥባል፤
ግድግዳው እስካሁን ሳሙና ሳሙና ይላል።
ስልቹ ነኝ በእውነቱ፤ ተውኔት ሲሉኝ ያዛጋኛል፤
ትልቁ አዳራሽ እንኳ፣ ከነወርቁ፣ እንቅልፍ አምጥቶብኛል።
ይኼማ፣ ይኼማ... አልኩ በሆዴ፣
ካልሲዬ ደረቅ ሲል ነው መሄዴ።

መብራቱ አንዲት ናት፣ የገባች በቆርቆሮ ጣሳ።
ሽማግሌ ወጣ፣ ሹራቡ ከክርኑ የሳሳ፤
ጠረጴዛ፣ ስልክ፣ ያልተነካ ምሳ።
ለእህቱ ደወለ። በአንዲት አሃዝ ሳተ።
አንዲት ሴት አነሳች።
«ተሳስተዋል» አለች።
«ይቅርታ» አለ።
ስልኩን ግን አልዘጋም።
እሷም አልዘጋች።

በቃ። ታሪኩ ይኸው ነው። ሌላ የለም።
ጦር አልተሰበቀ፣ ንጉሥም አልወደቀም።
ሁለት ሰው፣ ጀርባ ለጀርባ፣ መሀላቸው ሦስት ክንድ፣
ስለ ድንች ልጣጭ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ ብርድ።
ቋንቋቸው ለእኔ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ ነው፤
አንድ ቃል ሲይዝልኝ ሦስቱን ያሳልፋል።
ከዝምታቸው ግን አንድም አላመለጠኝ።

በየሐሙሱ ይደውላል፣ ያንኑ የተሳሳተ ቁጥር፣
እያወቀ አሁን፣ አጥንቶት፣ ጣቱ ሳይደናገር።
እሷም በየሐሙሱ «ተሳስተዋል» ትለዋለች፤
ወንበሯን ግን አስቀድማ ለስልኩ አስጠግታለች።

አምስተኛው ሐሙስ። ሽማግሌው የለም።
ወንበሩ ባዶ ነው፤ ስልኩም አይጮኽም።
ጠበቀች። ተነሳች። ዞር ብላ አየችን፤
ገና ያን ጊዜ ነው በዓይኗ የቆጠረችን።
ያኔ ከጎኔ፣ ያቺ ኮቷ የራሰ፣
«ድርርር» አለች በአፏ፣ ድምጿ እየኮሰሰ።
ተዋናይ ትሁን አትሁን እስከ ዛሬ አላውቅ።
ከኋላ አንድ ጎረምሳ «ድርርር»፤ ሌላው ደግሞ በሳቅ፤
እኔም፣ ያ አዛጊው፣ ምላሴን አርገበገብኩ፤
ወንበር ሁሉ ሲጮኽ፣ ወንበሬ ላይ ሆኜ ጮኽኩ።

አነሳች። ለረጅም ጊዜ ትንፋሿን ብቻ ሰማን።
«ተሳስታችኋል» አለች። አልዘጋችም። አልዘጋን።
መብራቷ ጠፋች።

ስንወጣ ዝናቡ አባርቷል፤ መቼ እንዳባራ እንጃ፤
ኮረት መንገዱ ላይ የመብራት ስጋጃ።
ትራም ስጠብቅ ያቺው ሴትዮ መጣች፤
ጎደሊቭ ትባላለች፣ ከጥርስ ሐኪም ቤት ጡረታ የወጣች።
ሰሌዳውን አየች፣ እኔን አየች፣ ፈገግ አለች፤
«የእርስዎ በዚያ ማዶ ነው፤ ተሳስተዋል» አለች።
«አውቃለሁ» አልኩ። አላውቅም ነበር።
ሁለት ትራም አለፈ፤ አንደኛው የእሷ ነበር።

እኩለ ሌሊት ነው፣ ሳወልቅ ጫማዬን፣
ገና እንደ ረጠበ አገኘሁት ካልሲዬን።