ዕቃው ጠፍቷል

የምኖርባት ከተማ፣ የቶር ወደብ ነው ስሟ፤
ቶር ግን ከራቀ ቆየ፣ ከደጇም ከሕልሟ።
ዘበኛ ነኝ እዚያ፣ በመርከቦች ማቆሚያ፣
ጉልበቴ ላይ ላፕቶፕ፣ እግሬ ሥር ማሞቂያ።
መንፈቀ ሌሊት ሲያልፍ ዓለም እሠራለሁ፤
ተራራ አቆማለሁ፣ ወንዝ አፈስሳለሁ፣
በቃል ብቻ። ሥዕል የለም። ተጫዋቹ ይጽፋል፤
«ሰይፌን መዘዝኩ» ካለ፣ ሰይፉ ተመዟል።

አራት ነን። ያልማር፣ ከኦርሁስ፣ ግዙፍ ሆኖ ይዋጋል፤
ቀን ቀን ነጭ ጋውን ለብሶ የሰው ጥርስ ይነቅላል።
ቦርጊል፣ ከቦዶ፣ ሌባ ናት፤ ያልከፈተችው በር የለም
(የገዛ ቤቷን ቁልፍ ሁለቴ ጥላለች)።
ቱሪ፣ ከክላክስቪክ፣ ከሳልሞን ፋብሪካ ስትመለስ፣
ጣቷ በበረዶ ደንዝዞ፣ ፊደል እየሳተች፣
ሟርተኛ ሆና ትገባለች፣ በትር የያዘች።

በየካቲት አንድ ሌሊት ታሪኩ ነጠፈብኝ፤
ድራጎኑ ሞቷል፣ ንጉሡ ነግሧል፣ ምን ቀረኝ?
የጥንት አያቶቼን የጣዖት ጓዳ በረበርኩ፣
እንደ ሌባ ዘመድ፣ የማላምነውን ሰረቅኩ፤
ኦዲንን ባንድ ዓይኑ፣ ቁራዎቹን ጭምር፣
ለሁሉም ነፍስ ሰጠሁ፣ ነፍሳቸውን በቁጥር።
የባሕሯን እመቤት፣ ራንንም አመጣኋት፣
ሰማጭ የምታጠምድበት መረብ በእጇ ያላት።
ሦስት መቶ ነፍስ ጻፍኩ፣ ከራስጌዋ በቀይ፤
ማዕበሎቹን፣ ዘጠኝ ሴት ልጆቿን፣ አሰለፍኩ ላይ በላይ።
«ግደሏት» አልኩ። «ካዝናዋ የናንተ ነው።»

ያልማር መጥረቢያውን አነሳ። ቦርጊል ገመድ ፈታች።
ቱሪ አልጻፈችም። ያቺ ትንሽ ጭረት
ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም አለች።
ከዚያ መጣ፣ ያለ በትር፣ ያለ ሟርት ቋንቋ፦

«አትግደሏት። ወንድሜ ትሮንዱር እሷ ዘንድ ነው።
አምና በጥቅምት፣ ከሚቺነስ በስተምዕራብ።
ጀልባዋ ተገኘች። የግራ ጓንቱ ተገኘ።
ቄሱ ሰማይ ቤት ነው አሉ፤ እናቴ ሰማይ ሰማይ ታያለች።
እኔ ሰማይ አላውቅም። መረብ ግን አውቃለሁ፤
መረብ ቢያንስ የያዘውን ይዟል።
አዳራሽ አላት ይባላል፣ ከታች፣
በእሳት ፈንታ ወርቅ የሚያበራው።
ወርቅ ይዞ የመጣን ሰማጭ እንደ እንግዳ ታስቀምጠዋለች፣
ባዶ እጁን የመጣውን እንጃ።
ትሮንዱር ሲወጣ ኪሱ ምን ነበረው?
የትምባሆ ቆርቆሮና የመኪና ቁልፍ።»

የምንጫወትበትንም መረብ ይሉታል፤
በይነ መረብ።
ስንት ዓመት ስወረውረው ስስበው ኖሬ
ያን ሌሊት ነው ከብዶ በእጄ የተሰማኝ።

ማንም አልተነፈሰም። ኋላ ያልማር ጻፈ፦
«መጥረቢያዬን አስቀመጥኩ። ኪሴን ገለበጥኩ።
አርባ የድራጎን ወርቅ። ለትሮንዱር። ጣልኩ።»
ቦርጊልም የሰረቀችውን፣ ቀለበቱን፣ ጽዋውን፣
ከንጉሤ ራስ ላይ መቼ እንደነጠቀች እንጃ፣ ዘውዱን።

ለባሕር የጻፍኩለት ሕግ አንድ ብቻ ነበር፣
«ዕቃው ጠፍቷል» የሚል፣ ለወደቀ ነገር።
ማሽኑ ምን ያውቃል፣ ያንኑ ይደግማል፤
ዕቃው ጠፍቷል። ዕቃው ጠፍቷል። ዕቃው ጠፍቷል፤
ምሕላ ላይ እንዳለ ሕዝብ።
ሦስት መቶውን ሰረዝኩ። በቦታው የሚጻፍ ቁጥር አጣሁ፤
እስካሁን ባዶ ነው።

በሚያዝያ ለቱሪ ከኦርሁስ ፖስታ ደረሰ፤
ውስጡ፣ በጥጥ የተጠቀለለች፣ የያልማር አያት የወርቅ ጥርስ፣
«ይቺ እውነተኛ ናት» ከሚል ወረቀት ጋር።

እሑድ ከጀልባ ላይ ጻፈችልን፣ ፊደል እየሳተች፦
«ሚቺነስን አልፈናል። ጣልኳት።
ዝም ብዬ ጠበቅኩ።
ባሕሩ ጠፍቷል አላለም።»