ጸጥ ያለ ማራገቢያ

ቅዳሜ ነው ዛሬ፤ በርገን ይዘንባል፤
አያቴ ዛብዤ ኮምፒውተር ይፈታል።
ብሎኑን በጥርሱ፣ ስልኩን በትከሻ፤
"አለቀ?" ስለው፣ "ቆዪ፤ ይህ ነው መነሻ።"

ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ነው፣ የማሽኑ ማለቴ፤
ሰባ አንዱን ደፍኗል ኤቫልድ አያቴ።
አክስቴ ሩታ ናት ለግብር ቅጽ መሙያ
የገዛችው ድሮ፣ ከቅናሽ ገበያ።
አሁን "ምሽግ ስበር፣ ዘንዶ ግደል" ቢሉት
ያንቀጠቅጠዋል፣ ወባ እንዳለበት።
እኛ ከግንቡ ጫፍ ሰንደቅ ስንሰቅል
የአያቴ ወታደር ከበሩ ላይ ቆሟል፤
አንድ እግሩ በአየር፣ ሰይፉ በእኩሌታ፤
ጠላት ይመጣና ይገድለዋል፣ በእርጋታ።

አዋጣንለት።
ካርዱ ከክሳቨሪ፤ ወንድሜ ሲያድስ
የፈታው አሮጌ፣ ለአያቴ ግን ንጉሥ።
ራሙ ከእኔ ኪስ ነው፤ ዐሥራ ስድስት ጊጋ፤
ከዓሣ ፋብሪካ፣ የአንድ ሌሊት ዋጋ።
ዲስኩን ራሱ ገዛ ከጡረታው ቆርሶ፤
ሁለቴ ተቆጥቶ ወጥቶ፣ ሁለቴ ተመልሶ።

ጎኑን ሲከፍተው ግን ዝም አለ ድንገት።
"ምን አየህ?" "አቧራ። የዐሥራ ሁለት ዓመት።"
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ሰባት መቶ ሜትር
ጠልቆ ከሰል ቆፍሯል ከዚያች ከተማ ሥር፤
አቧራን በሽታው ለይቶ ያውቀዋል።
"ይሄ የምንጣፍ ነው፤ ይሄ የድመት" ይላል፤
"ይሄ ቡኒው ደግሞ... የትሩዳ ሲጋራ።"
ሴት አያቴ ሞታ ሰባት ዓመት፤ ጭሷ ግን አልጠራ።
ብሩሹን ሲያነሳ፣ ሲያስቀምጥ ሰማሁት።
ቆይቶ፣
ጠረገው።

"ራሙን ጫን አድርገው፣ ቀጭ እስኪል" እላለሁ።
"ይሰበራል።" "አይሰበርም፤ ኧረ እምላለሁ!"
"የድንጋይ ጣሪያ እንኳ ሲሰበር አይቻለሁ።"
ቀጭ።
አንዴ ደግሞ፣ ቀጭ።
ካርዱ ግን ከሳጥኑ በሁለት ጣት በለጠ፤
"ጠብቂኝ" አለና ስልኩን አስቀመጠ፤
የብረት መጋዝ ድምፅ፣ ረጅም፣ ሰማሁኝ፤
"ገባ!" አለ። ምኑን እንደቆረጠው እስከ ዛሬ አልነገረኝ።

የቀረው ማራገቢያው ነው።
የድሮው ሲሽከረከር እንደ ወፍጮ ቤት ነው፤
በማይኩ እየገባ ወሬውን ሲፈጨው፣
ግማሹን ቃል ሰምተን ግማሹን ስንገምት
ሦስት ክረምት ሙሉ ተጫወትን በዚያ ስልት።
አዲሱን አሰረው፤ ቁልፉንም ተጫነ።
"አይሠራም" አለኝ።
"መብራቱስ?"
"መብራቱ በርቷል። ድምፅ ግን የለውም።
እኛ ጉድጓድ ውስጥ ማራገቢያው ዝም ካለ
ሩጥ ነው የተባልነው።"
"አያቴ፣ የዚህ ዋጋው ዝምታው ነው።"
"ለዝምታ ከፈልኩ?" አለ።

ማታ ገባን፣ ሦስታችን። በሩ ተሰበረ፤
ወታደሩ አልቆመም፤ ከፊት ፊት በረረ፤
ከእኛ ቀድሞ ወጣ፤ ሰንደቁን ተከለ፤
"አየሽልኝ?" አለ።
አየሁለት።

ከዚያ ጸጥ ሲል ነው። ወፍጮው የለ፣ ጩኸት የለ፤
በጸጥታው መሐል
ሳል።
ደረቅ፤ ከሥር የሚነሳ፤
አካፋ ድንጋይ ሲጭር ዓይነት።
ደግሞ ሌላ ሳል።
ክሳቨሪም ሰምቷል፤ ፈረሱን አቆመ።
"ከመቼ ጀምሮ ነው?"
"ምኑ?"
"ሳሉ።"
"ማይኩ ነው" አለ፤ "አዲስ ዕቃ ሁሉን ያጋንናል።"
ማይኩ የድሮው ነው። ማይክ አልገዛንም።

ሌላ መስኮት ከፍቼ ወደ ካቶቪትሰ
የአውሮፕላን ትኬት ስፈልግ
ወታደሬ ከበሩ ላይ ቀርታለች፤
አንድ እግሯ በአየር፣ ሰይፏ በእኩሌታ።
"ምነው ደረቅሽ?" ይለኛል አያቴ፤
"ያንቺም አርጅቷል መሰል።
ራም ልግዛልሽ?"